አራት ገጽ ጽሑፍ፤ የዶክተር አክሊሉ ለማ ሕይወትና ሥራ



በዚህ የግድግዳ ጋዜጣ የሕይወት ታሪክ ዓምድ ላይ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው የነገሥታት፣ የአርበኞችና የደራሲያን ታሪክ ነው። መልካም ነው፤ አንብበን ተምረንበታል። ዛሬ ግን ጎራዴ ሳይሆን ማይክሮስኮፕ ይዘው የታገሉ አንድ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ታሪክ ይዘን ቀርበናል። እኚህን ሰው የመረጥንበት ምክንያት አለን። ለዲፕሎማ ማሟያ የሚሆነውን ተግባራዊ ጥናት የምንጽፍበት ጊዜ ሲቃረብ በመካከላችን አንድ ክርክር ተነሳ። የአንድ ምሁር ሥራ በምን ይለካል? ገሚሶቻችን ባሳተመው ጽሑፍ ብዛት ይለካል አልን። ገሚሶቻችን ደግሞ ብዛቱ ዋጋ የለውም፣ ዋናው ነገር ሌሎች ምሁራን ስንት ጊዜ ጠቀሱት የሚለው ነው አልን። የቀሩት ጓደኞቻችን ሁለቱንም አልተቀበሉም። ለሰው ያልጠቀመ ጽሑፍ ሺህ ጊዜ ቢጠቀስ ወረቀት ነው አሉ። እንግዲህ ክርክሩ በባዶው ከሚቀጥል ሦስቱንም መለኪያ በአንድ ሰው ሕይወት ላይ ብንሞክረውስ ብለን ዶክተር አክሊሉ ለማን መረጥን።

ልደትና ትምህርት

ዶክተር አክሊሉ ለማ የተወለዱት መስከረም 7 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 18 ቀን 1935 ነው። በተወለዱ በ15ኛው ቀን የፋሽስት ኢጣሊያ ጦር የመረብን ወንዝ ተሻግሮ አገራችንን ወረረ፤ ጥቂት ቀናትም ሳይቆይ ዐድዋን ያዘ። ያን ጊዜ በእናታቸው እቅፍ የነበሩት ሕፃን አድገው ስማቸው ከዚያችው ከዐድዋ ጋር እንደሚተሳሰር ማን ያውቅ ነበር?

እሳቸው ያደጉበት ዘመን ከነፃነት መልስ ያለው፣ ትምህርት ቤቶች በጣት የሚቆጠሩበት ዘመን ነበር። የአዲስ አበባው ዩኒቨርስቲ ኮሌጅ እንኳ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው። ስለሆነም ከፍ ያለ ትምህርት የፈለገ ወጣት ባሕር ማዶ መሻገር ነበረበት። አክሊሉም በአሜሪካ አገር ተምረው እ.ኤ.አ. በ1964 ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርስቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ። የተማሩት በሰውና በእንስሳት አካል ውስጥ ገብተው ስለሚኖሩ ጥገኛ ተሕዋስያን ነው። በትክክሉ ከተናገርን ሙያቸው የመድኃኒት ቅመማ አልነበረም። ነገር ግን ሕይወታቸውን ሙሉ የተከተላቸው ሥራ አንድ የአገር ቤት ተክል ምን ኃይል እንዳለው፣ ኃይሉ ከየት እንደሚመጣና ማንን እንደሚጎዳ ማጥናት ስለሆነ፣ የመድኃኒት ተመራማሪዎችም ከራሳቸው ሰዎች እንደ አንዱ ይቆጥሯቸዋል።

በሽታው ምንድነው?

ታሪኩን ለመረዳት በመጀመሪያ ቢልሃርዚያን ማወቅ ያስፈልጋል። የበሽታውን ትል እ.ኤ.አ. በ1851 ካይሮ ውስጥ ያገኘው ቴዎዶር ቢልሃርዝ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ነው፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። አካሄዱ እንዲህ ነው። በሽታው ያለበት ሰው ወንዝ ዳር ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል ውኃ ውስጥ ይገባል። እንቁላሉ ይፈለፈልና ቀንድ አውጣ ፈልጎ ሰውነቱ ውስጥ ይገባል፤ እዚያም ይራባል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በዓይን የማይታዩ እጮች በብዛት ከቀንድ አውጣው ወጥተው ውኃው ላይ ይበተናሉ። እግሩን ውኃ ውስጥ የነከረ ሰው ሲያገኙ ቆዳውን በስተው ይገባሉ። ሰውዬው ውኃውን መጠጣት እንኳ አያስፈልገውም፤ መንከሩ ይበቃል።

ትሉ በደም ሥር ውስጥ ለዓመታት ይኖራል። ከሚጥለው እንቁላል ከፊሉ ጉበት ላይ እየቀረ ያቆስላል፤ ጉበትና ጣፊያ ያብጣል፣ ሆድ ይነፋል፣ ልጅ ይቀጭጫል፣ ከትምህርት ይደክማል። ከሰው ወደ ሰው የሚሻገረው ያለ ቀንድ አውጣ አይደለም። ይኼ ነጥብ ይያዝልን፤ የዶክተር አክሊሉ ሥራ በሙሉ ያረፈው እዚህ ላይ ነውና። ሰውን ብቻ ብናክም ቀንድ አውጣው ወንዙ ውስጥ እየጠበቀ ነው። ቀንድ አውጣው ከጠፋ ግን ሰንሰለቱ ይበጠሳል።

ዐድዋ፣ እ.ኤ.አ. 1964

አክሊሉ ትምህርታቸውን ጨርሰው ሲመለሱ ዕድሜያቸው ገና ሠላሳ አልሞላም ነበር። በዚያው ዓመት ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ሊያጠኑ ወደ ዐድዋ ሄዱ። በወንዙ ዳር እየሄዱ ቀንድ አውጣ ሲሰበስቡ አንድ ነገር አስተዋሉ። በአንዳንድ ቦታ ላይ የሞቱት ቀንድ አውጣዎች ከሌላው ቦታ ይልቅ እጅግ ይበዛሉ። ለምን? ዙሪያቸውን ሲመለከቱ ከዚያ ቦታ ትንሽ ከፍ ብሎ ሴቶች ልብስ ያጥባሉ። የሚያጥቡትም በፋብሪካ ሳሙና ሳይሆን በእንዶድ ነበር።

እንዶድን ለጎጃም ሰው ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ትግሬዎች ሽብቲ ይሉታል። ፍሬው ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ ውኃ ሲነካው አረፋ ያወጣል፤ ነጠላና ጋቢ ያነጣል። እናቶቻችን ለዓመት በዓል ልብስ ሲያነጹበት የኖሩት በእሱ ነው። አክሊሉም ያደረጉት ነገር ቀላል ነበር። በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች በዕቃ አኑረው የእንዶዱን አረፋ ከአጣቢዎቹ ተቀብለው ጨመሩበት። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። 

አሁን እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። በዚያ ወንዝ ዳር ከአክሊሉ በፊት ስንት ሰው አልፏል? የሞተ ቀንድ አውጣ ያየ ሞልቷል፤ እንዶድ ያየ ሞልቷል። ሁለቱን አያይዞ ለምን ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። ደግሞም ከጠየቁ በኋላ እንዲሁ በግምት አልተዉትም፤ እዚያው ሞከሩት። ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው በላቦራቶሪ ደጋገሙት። ማየት፣ መጠየቅ፣ መሞከር፣ መድገም፤ በሳይንስ ማስተማሪያ ዘዴ ክፍል በየቀኑ የምንሰማው አይደል እንዴ?

አራቱ ገጾች

ውጤቱን ለዓለም ያሳወቁበት የመጀመሪያው ጽሑፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1965 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት፣ በ3ኛው ቅጽ ላይ ነው። ከገጽ 187 ተጀምሮ በገጽ 190 ያልቃል። አራት ገጽ ብቻ! መጽሔቱም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1962 የተጀመረ፣ ገና የሦስት ዓመት ልጅ ነበር። አንድ ወጣት ተመራማሪ ስሙ በውጭ አገር እንዲነሳ ከፈለገ ጽሑፉን ወደ ለንደን ወይም ወደ ኒውዮርክ መላክ ይቀለው ነበር። እሳቸው ግን የመጀመሪያውን ግኝት አገር ቤት አሳተሙት።

ይኼ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት በዚያው ሰሞን በዓለም ላይ የሆነውን እንይ። አክሊሉ ዐድዋ ላይ በነበሩበት በ1964 ዩጂን ጋርፊልድ የተባለ አሜሪካዊ በፊላዴልፊያ ከተማ የሳይንስ ጽሑፎች ጠቀሳ ማውጫ የተባለ ግዙፍ መዝገብ ማሳተም ጀመረ። መዝገቡ የትኛው ጽሑፍ በየትኞቹ ሌሎች ጽሑፎች እንደተጠቀሰ ይቆጥራል። አሳቡ መልካም ነበር፤ አንድ ተመራማሪ ከእሱ በኋላ ማን ሥራውን እንደቀጠለ ማወቅ ይችላል። እየዋለ እያደረ ግን መዝገቡ መፈለጊያ መሆኑ ቀርቶ ሚዛን ሆነ። ሥራ የሚቀጠረው፣ ማዕረግ የሚሰጠው፣ ገንዘብ የሚመደበው በቁጥሩ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ ሖርሄ ሂርሽ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ኤች ኢንዴክስ የሚባለውን ቁጥር አመጣ። አንድ ሰው 10 ጽሑፎች ቢኖሩትና እያንዳንዳቸው ቢያንስ 10 ጊዜ ቢጠቀሱ ቁጥሩ 10 ይሆናል ማለት ነው።

የሂሳብ ተማሪዎች እስቲ ይህን አስሉልን። አራት ጽሑፍ ብቻ ያለው ሰው እያንዳንዱ ጽሑፍ ሺህ ሺህ ጊዜ ቢጠቀስለት ቁጥሩ ስንት ይሆናል? 4 ነው፤ ከዚያ ፈቀቅ አይልም። ሌላው 20 ጽሑፍ ኖሮት እያንዳንዱ 20 ጊዜ ቢጠቀስ ግን 20 ያገኛል። እንግዲህ ሚዛኑ ጠቃሚ ቢሆንም ጎዶሎ መሆኑን በዚህ መረዳት ይቻላል። ሌላም ጉድለት አለው። በእነዚህ መዝገቦች ውስጥ የሚገቡት መጽሔቶች በአብዛኛው የአውሮጳና የአሜሪካ ናቸው። በድሀ አገር መጽሔት የታተመ እውነት ተቆጣሪ አጥቶ ሊቀር ይችላል።

ዶክተር አክሊሉም በአገር ቤት መጽሔት ብቻ አልቀሩም። እ.ኤ.አ. በ1966 በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርስቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲቲዩትን መሥርተው የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ። በ1970 ደግሞ የላቦራቶሪውንና የመስኩን ጥናት አንድ ላይ አድርገው በዓለም የጤና ድርጅት ቡለቲን፣ በ42ኛው ቅጽ፣ በ16 ገጽ አወጡት። ከዚህ በኋላ ስለ እንዶድ የጻፈ ሰው ይህን ጽሑፍ ሳይጠቅስ አያልፍም ማለት ይቻላል። ከእንዶድ ሌላም እንደ ሌይሽማንያ ባሉ በሽታዎች ላይ ከባልደረቦቻቸው ጋር ጽፈዋል።

በአሜሪካ የስታንፎርድ ምርምር ኢንስቲቲዩት ሮበርት ፓርክኸርስትና ባልደረቦቹ ገዳዩን ንጥረ ነገር ከፍሬው ውስጥ ለይተው አወጡት። ሳፖኒን ከሚባሉት፣ እንደ ሳሙና አረፋ ከሚያወጡት ውሁዶች ወገን ሆኖ ተገኘ። ከእነዚህም አንዱን በዶክተር አክሊሉ የአባት ስም ለማቶክሲን ብለው ሰየሙት። ውድ አንባቢያን፤ ይኼ ልዩ ዓይነት መጠቀስ ነው። አንድ ኬሚስት በማንኛውም አገር ያን ንጥረ ነገር በጻፈ ቁጥር፣ አወቀም አላወቀም፣ የአንድ ኢትዮጵያዊ አባት ስም ይጽፋል። በየትኛውም የጠቀሳ መዝገብ ላይ ግን አይቆጠርም።

ከላቦራቶሪ ወደ ወንዝ

ዶክተር አክሊሉ ጽሑፍ ካሳተሙ በኋላ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 ድረስ እዚያው ዐድዋ ላይ ታላቅ የመስክ ሙከራ ተካሄደ። የተሰበሰበው የእንዶድ ፍሬ እየተፈጨ በወንዞቹ ውስጥ ተጨመረ፤ የሕዝቡም ጤና በየጊዜው ተመረመረ። ሙከራው ሲጀመር ከተመረመሩት ውስጥ ቢልሃርዚያ የተገኘባቸው ከመቶ 63 ነበሩ፤ በመጨረሻው ወደ 33 ወረዱ። ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉት ሕፃናት ላይ የታየው ደግሞ የበለጠ የሚያስደንቅ ነው፤ ከመቶ 50 የነበረው ወደ 7 ወረደ።

የሕፃናቱ ቁጥር ከአዋቂዎቹ ይልቅ ለምን እንዲህ ወረደ? መልሱ ቀላል ነው። እንዶድ ቀንድ አውጣውን እንጂ በሰው ደም ውስጥ ያለውን ትል አይገድልም። አዋቂው የድሮ ትሉን ይዞ ይቆያል። ሕፃኑ ግን ሙከራው ከተጀመረ በኋላ የተወለደ ወይም ገና ውኃ ያልለመደ ስለሆነ፣ በሽታ አልባ ወንዝ አገኘ። ቁጥሩ የሚነግረን አዲስ መያዝ መቀነሱን ነው። የዚህ ሙከራ ሙሉ ዘገባ ከጎልና ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር በአንድ የጀርመን የሞቃት አገሮች ሕክምና መጽሔት ላይ በ1983 ታተመ። ልብ በሉ፤ ሙከራው ካለቀ 9 ዓመት በኋላ ነው።

የተዘጋው በር

መቼም እስከዚህ ያነበበ ሰው፣ እንግዲያውስ እንዶድ በአፍሪቃ ወንዞች ሁሉ ገብቶ ቢልሃርዚያ ጠፋ ብሎ ያስብ ይሆናል። አልሆነም። በዚያን ጊዜ ለቀንድ አውጣ ማጥፊያ ተብሎ የሚታወቀው የጀርመኑ ባየር ኩባንያ የሚሠራው ባይሉሳይድ የተባለ ኬሚካል ነበር። ዋጋው በቶን በአሥር ሺህዎች የሚቆጠር ዶላር ስለነበር በሽታው የሚበዛባቸው ድሀ አገሮች አቅም አይችለውም። እንዶድ ግን በአጥር ላይ ይበቅላል።

ነገር ግን የዓለም የጤና ድርጅት እንዶድን ለመቀበል አልቸኮለም። በአዲስ አበባ የተደረገው የመርዛማነት ጥናት በታወቁ የውጭ ላቦራቶሪዎች፣ በወጣው ዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት እንደገና ይደረግ የሚል ጥያቄ ቀረበ። ያን የመሰለውን ጥናት ለማድረግ የሚያስፈልገው ገንዘብ ደግሞ በአገራችን አልነበረም። የራሱን ቡለቲን 16 ገጽ ለሥራው የሰጠ ድርጅት ሥራውን ለመቀበል ግን ዓመታት ፈጀ። ዶክተር አክሊሉ ይህን ነገር እስከ መጨረሻው ድረስ አልረሱትም። በኋላ በጻፏቸውና በተናገሯቸው ነገሮች፣ ችግሩ የእንዶድ ሳይሆን በአፍሪቃ ላቦራቶሪ የወጣ ውጤት አመኔታ ማጣቱ መሆኑን ደጋግመው አስረድተዋል።

እኛ ለሁለቱም ወገን ፍርድ እንስጥ ካልን እውነቱን መናገር አለብን። በሰው መጠጫ ወንዝ ውስጥ የሚጨመር ነገር ደህንነቱ መረጋገጥ አለበት፤ ይህን ዶክተር አክሊሉም አልካዱም። እንዶድ ለዓሣ መርዝ ነው፤ ይኼም የታወቀ ነው። ጥያቄው መመርመሩ ላይ አልነበረም። ጥያቄው ድሀውን ሰው ይህን ክፈልና መርምር ብሎ በር ላይ ማቆሙ ላይ ነው። በመጨረሻ በካናዳው ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ የተደረገው የመርዛማነት ጥናት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሲወጣ፣ እንዶድ ለቀንድ አውጣ በሚበቃው መጠን ለሰውና ለከብት የከፋ አደጋ እንደሌለው፣ ውኃ ውስጥም ቶሎ እንደሚፈርስ አሳየ። ከመጀመሪያዎቹ አራት ገጾች 25 ዓመት በላይ አልፎ ነበር።

ባልደረባውና ሽልማቱ

ዶክተር አክሊሉ በ1970ዎቹ ውስጥ ከአገር ወጥተው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የሳይንስና ቴክኖሎጂ ሥራ ላይ፣ በኋላም ኢጣሊያ ፍሎረንስ ባለው የዩኒሴፍ የሕፃናት ልማት ማዕከል አገልግለዋል። የእንዶድ ሥራ ግን አልቆመም። እዚሁ አገር ቤት ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የተባሉት የእርሻ ሊቅ ከየአገሩ ብዙ የእንዶድ ዓይነቶች ሰብስበው፣ ተክለው፣ አወዳድረው፣ ፍሬው የሚበዛውንና ኃይሉ የሚበረታውን መረጡ። ከእነዚህ ውስጥ ዓይነት 44 የሚባለው በዓለም የታወቀ ሆነ። የመጀመሪያው ሰው ያየውን ሁለተኛው ሰው ገበሬ ሊዘራው ወደሚችል ነገር ለወጠው ማለት ነው። በ1983 ሉሳካ፣ በ1986 ደግሞ ምባባኔ ላይ በተደረጉት የእንዶድ ጉባኤዎች የአፍሪቃ ተመራማሪዎች ተሰባስበው መከሩ።

እ.ኤ.አ. በ1989 ሁለቱ ኢትዮጵያውያን፣ ዶክተር አክሊሉና ዶክተር ለገሠ፣ በስዊድን አገር የሚሰጠውን ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት በጋራ ተቀበሉ። ይህ ሽልማት ከ1980 ጀምሮ የሚሰጥና ብዙዎች አማራጭ ኖቤል እያሉ የሚጠሩት ነው። ሽልማቱ ለብዙ ጽሑፍ የተሰጠ አይደለም። ድሀ ሕዝብ በራሱ እጅ ሊያመርተው የሚችል መከላከያ በማግኘታቸውና ለእሱም ሳይታክቱ በመሟገታቸው ነው።

የእንዶድ ሌላ ጉዞ

በ1980ዎቹ ውስጥ ዜብራ መስል የሚባል፣ መስመር መስመር ያለው ትንሽ ዛጎል ለበስ እንስሳ በመርከብ ውኃ ተጭኖ ከአውሮጳ ወደ ሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ገባ። እየተራባ የከተማና የፋብሪካ ውኃ ቧንቧ ዘጋ፤ ብዙ ኪሳራም አደረሰ። እንዶድ ቀንድ አውጣን ከገደለ ይህንንስ አይገድልም ወይ ተብሎ በኦሃዮ፣ በቶሌዶ ዩኒቨርስቲ ዶክተር አክሊሉ ባሉበት ተሞከረ፤ ገደለውም። ዩኒቨርስቲው በዚህ አጠቃቀም ላይ የባለቤትነት መብት አስመዘገበ።

ከዚህ በኋላ በዓለም ላይ ሌላ ክርክር ተነሳ። የእንዶድን ጠባይ ለዘመናት ያወቁት፣ ዘሩን መርጠው ያቆዩት የኢትዮጵያ ሴቶች ናቸው። ታዲያ መብቱ የማን ነው? እኛ ሕግ አዋቂዎች ስላልሆንን ፍርዱን ለሕግ እንተወው። ነገር ግን የጠቀሳን ነገር ካነሳን አይቀር፣ በእንዶድ ታሪክ ውስጥ ስማቸው በየትኛውም መዝገብ ያልተቆጠረው የመጀመሪያዎቹ ባለ ዕውቀቶች እነዚያ የዐድዋ አጣቢዎች ናቸው። ዶክተር አክሊሉን የምናመሰግንበት አንዱ ነገርም ግኝቱን በተረኩ ቁጥር ከአጣቢዎቹ መጀመራቸው ነው። ከወንዝ ዳር የተማሩትን ከላቦራቶሪ ያገኙት አላስመሰሉም።

ዶክተር አክሊሉ ለማ መጋቢት 27 ቀን 1989 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 5 ቀን 1997 በ61 ዓመታቸው አረፉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ የመሠረቱት ኢንስቲቲዩት ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

እንግዲህ እንለካው

አሁን ወደ ክርክራችን እንመለስ። በጽሑፍ ብዛት ብንለካቸው ዶክተር አክሊሉ በዓለም ላይ ከታወቁት ብዙ አሳታሚዎች ጎን አይሰለፉም። በጠቀሳ ብንለካቸው ከመጀመሪያው የተሻለ እናገኛለን፤ ስለ ቀንድ አውጣ ገዳይ ዕፅዋት የሚጻፍ ጽሑፍ ዛሬም ስማቸውን ያነሳል። ነገር ግን የጠቀሳ ቁጥር የዐድዋን ሕፃናት አይቆጥርም። ከመቶ 50 ወደ 7 የወረደው ቁጥር በጋርፊልድ መዝገብ ውስጥ የለም።

በጥቅም ብንለካቸውስ? እዚህ ላይም ማጋነን አያስፈልግም። እንዶድ እንደታሰበው በየአገሩ ወንዝ አልገባም። ፍሬውን በብዛት ማምረት፣ መፍጨትና በየጊዜው ውኃ ውስጥ መጨመር ብዙ ጉልበት ይጠይቃል። ከ1980 ወዲህ ደግሞ ፕራዚኳንቴል የተባለው ክኒን መጥቶ በሽተኛውን በአንድ ቀን ማከም ስለተቻለ የዓለም ዓይን ወደ እሱ ዞረ። ክኒኑ ግን ሰውን ያድናል እንጂ ወንዙን አያድንም፤ የዳነው ልጅ ነገ ተመልሶ ሲዋኝ እንደገና ይያዛል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2021 መከላከያ ሕክምና ያስፈልጋቸዋል ያላቸው ሰዎች ከ251 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። ዶክተር አክሊሉ በ1964 ያነሱት የቀንድ አውጣ ጥያቄ ዛሬም ክፍት ነው ማለት ነው።

ስለዚህ የእኛ አስተያየት ይህ ነው። ጽሑፍ መቁጠር ቀላል ነው፤ ጠቀሳ መቁጠርም ኮምፒዩተር ይበቃዋል። ከባዱ የተጻፈው ነገር እውነት መሆኑንና ለማን እንደተጻፈ መጠየቅ ነው። አራት ገጽ ጽሑፍ 25 ዓመት ሙሉ ብዙ ሰው ካነጋገረ፣ ካሟገተና ካሠራ ብዛቱ ምን ያደርጋል? ደግሞም ያ አራት ገጽ ባይጻፍ ኖሮ የዐድዋው ነገር የአንድ ሰው ወሬ ሆኖ ይቀር ነበር። መጻፍም ያስፈልጋል፤ የሚረባውን መጻፍ ግን ይበልጣል።

ለእኛስ?

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ማንኩሳን የማያውቅ በመካከላችን የለም። አንዳንዶቻችን ተወልደን ያደግነው እዚያው ነው፤ ሌሎቻችን ለማስተማር ልምምድ እንወጣለን። እሑድ እሑድ ልጆች ወንዝ ወርደው ይዋኛሉ፣ ከብት ያጠጣሉ፤ እናቶች ድንጋይ ላይ ልብስ ያጥባሉ። የአንጀት ቢልሃርዚያ በምዕራብ ጎጃም ተማሪዎች ላይም መኖሩ በጥናት ታውቋል። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በአገራችን በትምህርት ቤት የሚሰጠው የትላትል መድኃኒት ዘመቻ ሲደርስ ተማሪውን በቁመት መለኪያው እንጨት አጠገብ የሚያሰልፈው፣ ክኒኑን መዋጡን የሚያየው፣ ወላጁን የሚያሳምነው ማን ነው? መምህሩ ነው። ነገ ያ መምህር እኛ ነን።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ እናክል። ይህን ያነበበ ሰው እንዶድ መድኃኒት ነው ብሎ እንዳይጠጣው፣ ለሌላም እንዳያጠጣው። በሰፈራችን እንዶድ በጥብጠው የሚጠጡ ሰዎች አሉ፤ አደገኛ ነው፣ ሕይወትም ያጠፋል። እንዲሁም በዘፈቀደ ወንዝ ውስጥ ቢጨመር ዓሣውን ይጨርሳል። ዶክተር አክሊሉ የለኩት በሚዛን፣ የጨመሩት በሥርዓት ነው። ለልጆቻችን የምናስተምረው መጸዳጃ ቤት መጠቀምን፣ ወንዝ ዳር አለመጸዳዳትን፣ ሆዱ የተነፋውን ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ መላክን ነው።

ስለ ተግባራዊ ጥናታችንም አንድ ነገር እንበል። ርዕሱን ካለፈው ዓመት ከተጻፈ ጥራዝ መቅዳት ይቻላል፤ ማርክም ያስገኝ ይሆናል። ግን ከተጠረዘ በኋላ ማን ያነበዋል? ይልቅ በምንለማመድበት ትምህርት ቤት ሰኞ ሰኞ ስንት ልጅ እንደሚቀርና ለምን እንደሚቀር፣ ከቀሩት ስንቱ ወንዝ ዳር እንደሚኖር፣ ክኒን ከተሰጠ በኋላ የመምጣት ነገር መሻሻሉን ብንቆጥር አራት ገጽ ይበቃናል። የምንጽፈው ነገር በፊላዴልፊያ መዝገብ ላይገባ ይችላል። ርዕሰ መምህሩ አንብቦ አንድ መጸዳጃ ቤት ካስቆፈረበት ግን ተጠቅሷል ብለን እንቁጠረው።

ውድ አንባቢያን፤ ዶክተር አክሊሉ ወደ ዐድዋ ወንዝ ሲወርዱ ትልቅ ላቦራቶሪ ይዘው አልወረዱም። የያዙት የሚያይ ዓይንና ለምን የሚል ጥያቄ ነበር። ሁለቱም እኛ ዘንድ አሉ። በዚህ ጽሑፍ ላይ ሐሳብ ያላችሁ፣ በተለይም ሦስተኛውን መለኪያ የማትስማሙበት፣ ጽፋችሁ በጋዜጣው ሣጥን ውስጥ ጨምሩልን፤ በሚቀጥለው ዕትም ክርክሩን እንቀጥላለን።